ልጆችን የምታቆመው ሴት

በሰፈሩ ሳሎኖች ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉት የአንድ ዓመት ልጆች አብዛኞቹ በራሳቸው እግር የቆሙ አይደሉም። ያቆመቻቸው አንዲት ሴት ናት። ሴትየዋ በየፎቶው ውስጥ አለች፤ ከልጁ ኋላ ያለው፣ አበባ ያለበት ጨርቅ የለበሰ ወንበር የሚመስለው ነገር ጀርባዋ ነው። እጆቿ በጨርቁ ቀዳዳ ወጥተው፣ በልጁ ሸሚዝ ስር ሾልከው፣ ወገቡን ይዘዋል። ልጁ ቆሟል ይባላል።

ፎቶ ቤቱ የቀጠራት ወለል እንድትጠርግና የታጠቡ ፎቶዎችን ጠርዝ እንድትከረክም ነበር። አንድ ቀን አንዲት እናት ልጇ ፎቶው ላይ ተቀምጦ ስለወጣ የፎቶ ቤቱን ባለቤት ልታንቀው ደረሰች። «የእህቴን ልጅ በዓመቱ ቆሞ አንስተኸዋል፤ የኔን ልጅ እንደ ጎመን ጎልተህ ታነሳብኛለህ?» አለችው። የእህቷ ልጅ ቆሞ የተነሳው ቀድሞ ስለቆመ ነበር፤ ይህን ግን ማን ደፍሮ ይነግራታል? ባለቤቱ ወዲያ ወዲህ ቢል መላ አጣ። በመጨረሻ የሶፋውን ጨርቅ ገፎ ጠራጊዋ ላይ ጣለና «ተንበርከኪና ያዥልኝ» አላት። ያዘችለት። ፎቶው ወጣ፤ እናትየዋ በደስታ አለቀሰች፤ ለጎረቤት ሁሉ አሳየች። በሳምንቱ የፎቶ ቤቱ በር ላይ ሰልፍ ነበር።

«እዚያ ፎቶ ቤት የተነሳ ልጅ ይቆማል» ተባለ። ባለቤቱም «እትዬ መጋረጃ» ብሎ ስም አወጣላት፤ ስሙ በዚያው ቀረ። መጥረጊያውን ሌላ ሰው ተረከበ፤ እሷ ከጨርቁ ስር ገባች፤ ጉልበቷ ሲንቋቋ የሚሰማ አሮጊት እስክትሆን ድረስም ከዚያ አልወጣችም።

ይህን ሁሉ ዘመን ከጨርቅ ስር ተንበርክካ የታዘበችው ነገር ቢኖር ወላጅ የተባለ ፍጥረት ምን ያህል ቂል ሊሆን እንደሚችል ነው። የደንበኞች አግዳሚ ወንበር ከመጋረጃው ወዲያ ስለሆነ ወሬው ሁሉ ይሰማታል።

«የኔ በስምንት ወሩ ነው ቆሞ የሄደው» ትላለች አንዷ።

«የኔማ በሰባት ወሯ። ያውም ማንም ሳይይዛት።»

«የወንድሜ ልጅ በስድስት ወሩ ደረጃ ወጣ፣ ብታምኑም ባታምኑም።»

እትዬ መጋረጃ በሆዷ፣ «ቀጥሎ ደግሞ ማሕፀን ውስጥ ሳለ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ይመጣል» ትላለች። ልጆቹ በእርግጥ የቆሙ ቢሆኑ ኖሮ እነዚህ ሴቶች እዚህ አግዳሚ ላይ ምን ያስቀምጣቸዋል? አንዷም ይህን አትጠይቅም። እያንዳንዷ የሌላዋን ውሸት እያመነች፣ የራሷን ልጅ ከጎኗ ጎልታ በጥላቻ ታየዋለች።

አባቶቹም አይሻሉም። በመሥሪያ ቤቱ ሰው የሚንቀጠቀጥለት ባለከረባት በአራት እግሩ ተንበርክኮ እንደ ድመት ሚያው ሲል አይታለች፤ ልጁ ቀና ብሎ ካሜራውን እንዲያይለት ነው። ልጁ ግን የገዛ ጫማውን ነው የሚያየው። ሰውየው ተነስቶ ጉልበቱን አራግፎ «እናቱን ነው የመሰለው» ይላል።

ልጆቹን አትንቃቸውም ነበር። ልጆቹ በእጆቿ ውስጥ እውነቱን ይነግሯታል። አንዳንዱ እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ሽቅብ ይገፋታል፤ ልቀቂኝ የሚላት ነው። አንዳንዱ ገመድ ላይ እንደተሰጣ ልብስ ይንጠለጠላል። አንዳንዱ ደግሞ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰብስቦ አየር ላይ ይቀመጣል፤ የት እንደተቀመጠ ግድም የለው። በኋላ ሁሉንም መንገድ ላይ ኳስ ሲራገጡ ታያቸዋለች፤ በዘጠኝ ወሩ የቆመውንና በዓመት ከመንፈቁ የቆመውን ማንም ሊለያቸው አይችልም። እሷም ብትሆን አትለያቸውም። ሁሉም እኩል መስኮት ይሰብራሉ።

ከምንም በላይ የሚገርማት የወላጆቹ መርሳት ነው። ልጃቸውን ከጨርቅ ውስጥ ለወጡ ሁለት እጆች አሳልፈው የሰጡት ራሳቸው ናቸው። ፎቶው ታትሞ፣ ፍሬም ገብቶ፣ ግድግዳ ላይ በወጣ በዓመቱ ግን እጆቹ ከነሴትየዋ ከአእምሯቸው ይጠፋሉ። ባለቤቱም ይህን ስለሚያውቅ በቤቱ አንድ ሕግ አለው፦ ከጨርቁ ስር ያለውን ነገር ከጨርቁ ውጭ የሚናገር ሰው እዚያ ቤት አይሠራም። እትዬ መጋረጃ ተናግራ አታውቅም። የንቀቷ ብዛት ራሱ አፏን ዘግቶት ነበር፤ ለእነዚህ ሰዎች እውነት መንገር የድካም ብክነት ይመስላት ነበር።

አንዲት ሴት ልጅ አለቻት፤ ባንክ ቤት ገንዘብ ከፋይ ናት። ያገባችው የቀለም መደብር ያለው፣ ዝምተኛ፣ እናቱ ሲያስነጥሱ «ይማርዎት» ለማለት ከወንበሩ የሚነሳ ሰው ነው። የሚኖሩትም በእናቱ ቤት፣ በእናቱ ሶፋ፣ በእናቱ ሰዓት ነው። የልጇን አማት እትዬ መጋረጃ በልቧ «ወይዘሮ ዘጠኝ ወር» ትላቸዋለች፤ የወለዷቸው ልጆች ሁሉ በዘጠኝ ወራቸው ቆመው እንደሄዱ ሳይናገሩ ውለው አያውቁምና። ማስረጃውም ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ነው፦ የዛሬው ቀለም ነጋዴ በአንደኛ ዓመቱ፣ ቁምጣ ለብሶ፣ የእንጨት መኪና ይዞ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከኋላው አበባ ያለበት ጨርቅ የለበሰ ወንበር አለ።

እትዬ መጋረጃ ከሠርጉ በፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዚያ ሳሎን ስትገባ ወንበሩን ገና ከበሩ አወቀችው። ወይዘሮዋ ግን እሷን አላወቋትም። ምን ብለው ይወቋት? ያኔ ያዩት የጨርቅ ክምር ነው። በደንብ በታጠበ ብርጭቆ ለስላሳ ቀዱላትና የፎቶውን ታሪክ ከአፍ እስከ ገደፉ ተረኩላት። እሷም ሰምታ ለማጨብጨብ ምንም አልቀራትም። ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገድ ላይ ብቻዋን ሳቀች።

የልጅ ልጇ ስትወለድ ግን ሳቁ ቀረ።

ልጅቷን እትዬ መጋረጃ «ድንቡሼ» ብላ ነው የምትጠራት። ድንቡሼ ያስቀመጧት ቦታ ትቀመጣለች። የጠርሙስ ክዳን ከተሰጣት ክዳኑን ታገላብጣለች፣ ትልሰዋለች፣ ወለሉ ላይ ታሽከረክረዋለች፣ ሲወድቅ በጥሞና ታየዋለች፣ እንደገና ትጀምራለች። ሌላው ልጅ ለመቆም ሲታገል በሚያጠፋው ጊዜ እሷ የክዳን ሊቅ ሆናለች። ሐኪም ቤት ወስደዋት ሐኪሟ እግሯን አጠፍ ዘርጋ አድርጋ፣ ወገቧን ዳብሳ፣ «ልጅቷ ደህና ናት። ሲመቻት ትቆማለች፤ ብቻ እንዳታስገድዷት» ብላለች። ወይዘሮ ዘጠኝ ወርም እንዲህ ያለ መልስ ለመስማት ስላልሄዱ ሌላ ሐኪም ፈልገው ሽሮፕ አሳዘዙ።

የልደቷ ቀን እየተቃረበ ሳለ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እትዬ መጋረጃ ልትጠይቃቸው ሄደች። ሳሎን ስትገባ ድንቡሼ ቆማለች። ቀረብ ብላ ስታይ፣ ወገቧ በሻርፕ ከሶፋው ክንድ ጋር ታስሯል። ጉልበቶቿ ይንቀጠቀጣሉ። አታለቅስም፤ ለቅሶውን ጨርሳ የተወችው ትመስላለች።

«ምን እያደረጋችኋት ነው?»

«እግሯ እንዲጠነክር ነው» አሉ ወይዘሮ ዘጠኝ ወር ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ። «ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ።»

«እንደ ሽሮፕ?»

«ሽሮፑም አለ።»

ልጇ ፎጣ በእጇ ይዛ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። እናቷን አታይም፤ ፎጣውን ነው የምታየው።

«ሐኪሟ አታስገድዷት አላለችም?»

«የቷ ሐኪም? ያቺ ገና ሳትወልድ የሰው ልጅ የምታክመው?» ወይዘሮዋ አሁን ዞር አሉ፤ በጣታቸውም ግድግዳውን አመለከቱ። «ይመልከቱ እስቲ። ይሄ ልጄ በዓመቱ ምን ይመስል ነበር? ማን ያዘው? ማንም! የኛ ዘር በዓመቱ የተቀመጠ ልጅ አያውቅም። እንግዲህ ከየት እንደመጣባት እኔ አላውቅም» አሉና እትዬ መጋረጃን ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ አዩዋት።

እትዬ መጋረጃ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጀርባዋን አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ሻርፑን ፈታች።

«ገና ነው፣ አልጨረሰችም!»

«ጨርሳለች።»

ድንቡሼ ቋጠሮው ሲላላ እንደ ባዶ ከረጢት ቁጭ አለች። አያቷ በብብቷ ስር ይዛ ልታነሳት እጇን ስትዘረጋ ግን ልጅቷ ጮኸች፤ ጉልበቷን ወደ ሆዷ ሰብስባ፣ ፊቷን አዙራ፣ ትንፋሿ እስኪያጥር ጮኸች። እትዬ መጋረጃ ስንቱን ልጅ በእነዚህ እጆች ይዛለች፤ እንዲህ የፈራት ልጅ አታውቅም። ባለፈው ወር ይህችው ልጅ እነዚህን እጆች ስታይ ትስቅ ነበር።

«ያሞላቅቋታል፤ ለዚህ ነው» አሉ ወይዘሮዋ። «ለልደቷ ቆማ ትነሳለች። ተነስታም ከአባቷ ጎን ትሰቀላለች። ዘመድ አዝማድ ይመጣል፤ ተጎልታ ካየኋት አፍራለሁ።»

ልጇ ደረጃው ድረስ ሸኘቻት። እዚያ ቆመው በሹክሹክታ ተነጋገሩ።

«እማዬ፣ በናትሽ፣ አንቺ ብቻ ያዥልኝ። ፎቶው ከወጣ ይተዉኛል።»

«አይተዉሽም። ‹ቆማ አልነበር፣ ለምን አትሄድም› ይሉሻል። ያኔ ሻርፑን በምን እንደሚቀይሩት እንጃ።»

«ምን ላድርግ ታዲያ? ቤቱ የሳቸው ነው።»

«ባልሽስ?»

«ባሌማ ፎቶውን ያምናል። ‹እኔ በዓመቴ ቆሜያለሁ፤ የሷ እግር ምን ሆኖ ነው› እያለ ሲጨነቅ ይውላል። አንዳንዴ ሻርፑን የሚያስራት ራሱ ነው። እያለቀሰ ነው የሚያስራት፣ ግን ያስራታል።»

እትዬ መጋረጃ አፏን ከፈተች። ልጇ ግን ቀደመቻት፤ ምን ልትል እንደሆነ ሳታውቅ ፈርታለች።

«አደራ፣ ነገር እንዳታነሺ። ካስቀየምሻቸው በሩን ይዘጉብሻል። ልጅቷን አታዪያትም፤ እውነቴን ነው።»

እትዬ መጋረጃ አፏን ዘጋች። በመንገዷ ሁሉ ያንኑ ነገር አወጣች አወረደች። ዝም ብላ ብትይዛት ልጅቷ ተሰቅላ ትቀራለች፤ ከዚያ በኋላ በገዛ ፎቶዋ እየተመሰከረባት ትታሰራለች። ብትናገር ደግሞ እንጀራዋም ይቀራል፣ በሩም ይዘጋል። ለዚያች ሴትዮ ብላ ይህን ሁሉ ማጣት! ያበሳጫት ከሁሉም በላይ ይኸው ነበር፤ ሴትየዋ ይህን ያህል ዋጋ የሚወጣባቸው ሰው አይደሉም።

በልደቷ ቀን ጠዋት መጡ። ወይዘሮ ዘጠኝ ወር ከፊት፣ ልጃቸው ሕፃኗን አቅፎ ከኋላቸው፣ እናትየዋ ቦርሳ ተሸክማ ከሁሉም ኋላ። ድንቡሼን ጨርቁ እንደ ካርቶን የደረቀ ቀሚስ አልብሰዋት፣ ጡብ የሚያህል ጫማ አጥልቀውላታል። አግዳሚው ላይ አንዲት ወፍራም ሴትዮ የቢራቢሮ ከረባት ያሰረ ልጇን ይዛ ተራ ትጠብቃለች።

ወይዘሮዋ ዛሬ ድምፃቸው ማር ነው። «እንግዲህ እርስዎ ቤት ነን፤ ያግዙናል» አሏት። በምን እንደምታግዛቸው ማንም አልነገራቸውም፤ ዓይናቸው ግን ስቱዲዮው ውስጥ ሲዞር ቆየና ጨርቁ ላይ አረፈ።

እትዬ መጋረጃ ልጇን አየቻት። ልጇ በዓይኗ ለመነቻት። ጨርቁን አንስታ ተከናነበችና ተንበረከከች።

ልጅቷን አምጥተው ከፊቷ አደረጉላት። እጆቿ ወገቧን ሲነኩ ድንቡሼ ጉልበቷን ሰበሰበች፤ ጫማው ከአያቷ ክንድ ጋር ተጋጨ።

«ዝቅ አድርጊያት» አለ ባለቤቱ ከካሜራው ኋላ። «እግሯ መሬት አልነካም። ትንሽ ዝቅ። እትዬ መጋረጃ፣ ዛሬ ምን ነካሽ?»

«ቁሚ! ቁሚ እንጂ!» አሉ ወይዘሮዋ። «አባትሽ እንደቆመው ቁሚ!»

አባትየው የቁልፍ ዘለላውን አቃጨለ። «እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ እይ የኔ ቆንጆ» አለ።

ልጅቷ አልጮኸችም። ትንፋሿን ያዘች። እትዬ መጋረጃ በመዳፎቿ መሃል ያቺ ትንሽ ሆድ መተንፈስ አቁማ እንደ ድንጋይ ስትጠጥር ተሰማት። የሚመጣውን ነገር እስኪያልፍ ድረስ ዝም ብሎ መጠበቅን ገና በዓመቷ ተምራለች። እንግዲህ ይህንንም ቀድማ ተማረች።

እትዬ መጋረጃ ጨርቁን ከራሷ ላይ ገፍፋ ተነሳች። ፀጉሯ ተንጨባሯል። ልጅቷን በመቀመጫዋ ደግፋ ደረቷ ላይ አደረገቻት።

«አባቷም አልቆመም» አለች።

«ምን አሉ?»

«አባቷም በዓመቱ አልቆመም አልኩ። እኔ ነኝ የያዝኩት።» ወደ አማቿ ዞረች። «ልጄ፣ ሳሎን ያለው ፎቶህ ላይ ከኋላህ ወንበር አለ አይደል? አበባ ያለበት?»

«አለ እናቴ…»

«ወንበር አይደለም። እኔ ነኝ።»

ሰውየው ትከሻዋ ላይ የተንጠለጠለውን ጨርቅ አየ። ጨርቁ በየጊዜው ተቀይሯል፤ ባለቤቱ ግን ሌላ መምረጥ ስለሚሰንፍ ሁልጊዜ ያንኑ አበባ ነው የሚገዛው። የሰውየው አፍ ተከፈተ።

«ውሸት!» ጮኹ እናቱ። ፊታቸው በርበሬ መሰለ፤ «እርስዎ» ማለትም እዚያው ላይ አበቃ። «አንቺ! ማን ፊት እንደምታወሪ ታውቂያለሽ? ልጄን የያዘው ማንም የለም! ማንም!»

እትዬ መጋረጃ ትኩር ብላ አየቻቸው። እስከ ዛሬ ውሸታም ትላቸው ነበር፤ አሁን ግን ዓይናቸው ውስጥ የውሸታም ፍርሃት የለም። ሴትየዋ ያምናሉ። ያን ቀን እዚህ ወለል ላይ ቆመው የሆነውን ሁሉ በዓይናቸው አይተው፣ ከዚያ በኋላ ግድግዳውን ሲያዩ ኖረው፣ ግድግዳውን አመኑ። ውሸታም ቢሆኑ ይሻላቸው ነበር፤ ውሸታም ቢያንስ እውነቱን ለራሱ ያውቀዋል።

«የእንጨት መኪናውን ሁለት ጊዜ ራሴ ላይ ጣለው» አለች፤ እሷ ግን አሁንም በአንቱታ ነው የምትናገራቸው፤ ከስድቡ ይልቅ ያቃጠላቸው ይኸው ነው። «እርስዎም ‹ጠንከር አድርገሽ ያዥው› ብለው በጫማዎ ጫፍ ጎኔን ነካ አደረጉኝ። ጫማው ቀይ ነበር።»

የወይዘሮዋ ዓይን ወደ ገዛ ጫማቸው ወረደ። ቀዩን ጫማ የረሱት አይመስልም።

«መቼ ነው ታዲያ በእርግጥ የቆምኩት?» አለ ልጃቸው።

«በዘጠኝ ወርህ ነዋ! ቆመህ ሄድክ!»

ቀለም ነጋዴው ይህን ለጥቂት ጊዜ አሰላሰለው። ፈጣን ሰው አይደለም። «በዘጠኝ ወሬ ከሄድኩ…» አለ ቀስ ብሎ፣ «በዓመቴ ለምን ተያዝኩ?»

ሚስቱ እናቷን እየገላመጠች «አዋረድሽን» አለች።

«እትዬ መጋረጃ!» ባለቤቱ ጥርሱን ነክሶ በሹክሹክታ ጮኸባት። «ደንበኛ አለ እኮ! በዚህ ቤት ሕግ አለ! በቃ፣ ዕቃሽን ሰብስቢ!»

«የምን ዕቃ አለኝ ጋሼ? ጨርቁ የርስዎ ነው።»

በዚህ መሃል መጋረጃው ገለጥ አለና አግዳሚው ላይ የነበረችው ወፍራም ሴትዮ ጭንቅላቷን አስገባች። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ቃል ሳያመልጣት ሰምታለች።

«ይቅርታ» አለች፤ «እና የኔን ልጅ ማን ሊይዝልኝ ነው?»

እትዬ መጋረጃ አየቻት። «በስንት ወሩ ነው የቆመው?»

«በስምንት» አለች ሴትየዋ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

«እንግዲያው እርስዎ ከጨርቁ ስር ይግቡ፤ እሱ ይይዝዎታል።» ጨርቁን ሰጥታት ወጣች።

አባትየው በሩ ላይ ደረሰባት፤ ሕፃኗን ለመቀበል ነበር። ከተቀበላት በኋላ ግን ወዲያው አልተመለሰም። እዚያው በሩ ላይ፣ መንገደኛ እያየው፣ ሁለቱን ጫማዎች ከልጅቷ እግር አወለቀ።

«እግሯ ደህና ነው ማለት ነው?» አለ።

«ሐኪሟ ነግራህ ነበር።»

«እማማ ግን…» አለና ቆመ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ዓረፍተ ነገር በሕይወቱ ተናግሮት አያውቅም። ጫማዎቹን ኪሱ ከተተ።

በሩ እንደተባለው ተዘጋባት። ወይዘሮ ዘጠኝ ወር ስሟ በቤታቸው እንዳይነሳ አሉ። ፎቶው አልወረደም። እንግዳ ሲመጣ አሁን ስለ ወንበሩም ያወራሉ፤ ከውጭ አገር የመጣ ወንበር እንደነበር፣ ብዙ ሰው ሊገዛቸው ጠይቆ እንቢ እንዳሉት። ባለፎቶ ቤቱ ሌላ ሠራተኛ ቀጠረ፤ አዲሲቷ ከጨርቁ ስር ስታስነጥስ የቆሙት ልጆች ሁሉ ይዘላሉ። አንድ ሁለት ጊዜ ሰው ልኮባት ነበር፤ አልሄደችም። ጎረቤት የሚያጥበውን ልብስ መተኮስ ጀመረች፤ ቆማ የምትሠራውን ሥራ ከጀመረች ወዲህ ጉልበቷ እንኳ ቀለል አላት።

ልጇ ኩርፊያዋን ብትቀጥልም በስልክ አንድ ነገር ነገረቻት። ከፎቶ ቤት እንደተመለሱ ባሏ ሻርፑን ከሶፋው ክንድ ላይ ፈትቶ፣ አጣጥፎ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተው። በእናቱ ቤት ሳይጠይቅ ያንቀሳቀሰው የመጀመሪያው ዕቃ ነው። እናቱ «ምን እያደረግክ ነው?» ሲሉት «እየሰበሰብኩ» አላቸው። ከዚያ በላይ አላለም። ከዚያ በላይ ከሱ መጠበቅም ግፍ ነው።

ቀጥሎ ልጇ ባንክ ስትውል ድንቡሼን የምትይዘው ሞግዚት ከወይዘሮዋ ጋር ተጣልታ ወጣች፤ ልጇም አማራጭ ስታጣ ድንቡሼን ጠዋት ጠዋት ወደ እናቷ ክፍል ማምጣት ጀመረች። «ለጊዜው ነው» አለች፣ አሁንም ኩርፊያዋ ሳይወጣላት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጅቷ እጅ ሲዘረጋላት ትጨማደድ ነበር። እትዬ መጋረጃ አልዘረጋችላትም። ራቅ ብላ ትተኩሳለች፤ ልጅቷ በመቀመጫዋ እየተንፏቀቀች ስትመጣ ቀሚሷን ትሰጣታለች፣ እንድትይዘው። ቀስ በቀስ ያቺ ሳቋ ተመለሰች።

አንድ ረፋድ ላይ እትዬ መጋረጃ ካውያው እስኪግል ወለሉ ላይ አረፍ ብላ ሳለች፣ ድንቡሼ የምታሽከረክረው ክዳን አጠገቧ ባለው በርጩማ ላይ መሆኑን ተመለከተች። ማን እንዳስቀመጠው አይታወቅም። ልጅቷ ክዳኑን አየች። በርጩማውን ያዘች። መቀመጫዋ ከወለሉ ትንሽ ተነሳ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ተነሳ። እግሮቿ እንደ አዲስ ጥጃ ተራራቁ።

የእትዬ መጋረጃ እጆች ሳታዛቸው ተነሱ፤ እድሜ ልካቸውን የሠሩት ይህንኑ ነው። ያዘቻቸው፤ ከገዛ ጭኖቿ ስር ከተተቻቸውና ተቀመጠችባቸው።

ድንቡሼ ቆመች። ማንንም አላየችም፣ ማንም እንዲያያት አልፈለገችም፤ የፈለገችው ክዳኑን ነው። አነሳችው፣ ገልብጣ አየችው፣ ከዚያ ዱብ ብላ ተቀመጠችና ማሽከርከሯን ቀጠለች።

እትዬ መጋረጃ ለማንም አልተናገረችም። ብትናገር ስልካቸውን ደግነው ይመጣሉ፤ «እስቲ ድገሚው» ይሏታል።

ሌላ ቀን፣ ልጇ በስልክ እየጮኸች ደወለች። «እማዬ! ቆመች! ሶፋውን ይዛ ቆመች! እሳቸው ናቸው መጀመሪያ ያዩት። ሽሮፑ ነው ብለው ለዘመድ ሁሉ እየደወሉ ነው።»

«እሰይ። ሽሮፑን እንኳን ደስ ያለህ በይልኝ።»

«እማዬ አትቀልጂ። ደግሞ አሁን ምን እያሉ ነው መሰለሽ? ‹የኛ ልጆች በዚህ ዕድሜ ያወሩ ነበር፤ ይቺ ለምን አታወራም› ነው የሚሉት።»

እትዬ መጋረጃ ካውያውን ከሸሚዙ ላይ አነሳች።

«እሳቸው እያወሩ መች ተራ አገኘች?» አለችና ስልኩን ዘጋች።